ገጽ ሠላሳ አንድ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
የሽታዬ ማባዣ ቤት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀት የሚመገብ።
ሠልጣኞቼ አርባ አርባ ብር ይዘው ይሰለፋሉ በጠዋት፣
«የብየዳ ሞጁል፣ ደረጃ ሁለት» ሊሸምቱ ከሷ ቤት።
ዛሬ እኔም ተሰለፍኩ፤ ደረሰኝ ተራዬ፣
ገዛሁት የገዛ ድካሜን፣ አርባ ብር ከፍዬ።

ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ» ይላል፤ ስሙ የእኔ አይደለም፣
የማን እንደሆነ ሰፈሩ ቢጠየቅ የሚያውቀው የለም።
ከሥሩ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው»፣
እሷንም ሰርቀዋታል፤ ዘበኛውን ከነዱላው።

ሁለት ክረምት ጽፌዋለሁ፣ መብራት ሲሄድ በሻማ፣
«ስንት ሊከፍሉህ ነው?» ስትል ትብለጥ፣ እንዳልሰማ ሆኜ ስሰማ።
ሥዕሉን የሣልኩት ግራ እጄን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣
ጎዶሎዋን ሌባ ጣቴን፣ ግራይንደር የበላትን፣ ሳልሞላ ትቼ።
ጽሑፉን ተይበውታል፤ ስሜን ፍቀዋል፤ እጄ ግን እንዳለች አለች፣
በየገጹ ሌባ ጣቴ ባለቤቷን ትጠቁማለች።

ማስረጃ ነው ብዬ ነበር። ልከስ ነበር የመጣሁት።
ግን ገጽ አራትን ስገልጥ፣ አንድ ምክር አገኘሁት፦
«አርኩን ስማው፤ መጥበሻ ላይ እንደ ወደቀ ሽንኩርት ሲንጫጫ ነው ልክ።»
የአቃቂው ሙዘይን ቃል ነው፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ብረት የሚያንበረክክ።
ስሙን የት ጻፍኩት? የትም።
እሱስ ከማን ሰማው? አልጠየቅኩትም።

ትናንት ኢፋ ላሜራውን በስቶ፣ ጭንብሉን አውልቆ አየኝ፣
«መምህር፣ መጽሐፉ ነው መቶ ዘጠና አድርግ ያለኝ።»
ዘጠና አምፔር ነበር የጻፍኩት። ታይፒስቱ አንዲት ቁጥር ጨምሮ፣
በር ሊሠራ የተነሣውን ልጅ ወንፊት ያሠራዋል መክሮ።

«ዋናውን አምጪው» አልኳት። የሽታዬ ፊት አመድ ሆነ፣
«ክስ ነው እንዴ?» አለች፤ ድምጿ ከማሽኑ በታች ቀጠነ።
ገጽ ሠላሳ አንድን ገልጬ፣ አንዷን በእስክሪብቶ ሰረዝኩ።
ከዚያ ወደ ሽፋኑ ተመለስኩ፤ የስሙን ቦታ በዓይኔ መዘንኩ።
ሁለት ስም ይይዛል፣ ፊደሉ ደቀቅ ካለ።

«ጋሼ፣ ቶሎ በል፣ መብራት ሳይሄድ!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።
ማሽኑ ሞቆ ይጠብቃል፤ እስክሪብቶው ገና አለ በእጅ።