ማጅራቷን ለእኔ

ለጾም ከገዛሁት ከሂርማታው ሱፍ፣
አንዲት ፍሬ አመለጠች፤ ወደቀች ከጓሮው ጫፍ።
አልኮተኮትኳትም፣ ውሃም አላጠጣሁ፤
የጅማ ዝናብ ነው፣ እኔ ምን አመጣሁ!
በሐምሌ ጉልበቴን፣ በነሐሴ አንገቴን
ለክታኝ አለፈች፤ ናቀችው ቁመቴን።

መስከረም ሲጠባ፣ ከቆርቆሮው በላይ ፊቷን ስትፈታ፣
ዞረች ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አባ ዲኮ ቦታ።

አባ ዲኮ ማለት፣ በአንድ ክንድ ድንበር
ሦስት ክረምት ያኮረፍኩት ጎረቤቴ ነበር።
ለእሱ ፊቷን ሰጠች፣ ለእኔ ማጅራቷን።
በገመድ ጎትቼ ላዞረው አንገቷን
ሞከርኩ።
እምቢ አለች።

ትናንት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ ቀርከሃ፤
«ከብዷታል፣ ደግፊያት። አይበቃትም ውሃ።»
ያንኑ ገመድ ሰጠሁት። ሰማዩ እንዳረገዘ
እኔ ከወዲህ ቋጠርኩ፣
እሱ ከወዲያ ያዘ።