ልጥፍ

ሙሄ ጀልባውን በባጃጅ ጭኖ መጣ፤
እንደ እርጥብ ቆዳ ተጠቅልላ፣ ከጎኗ ውሃ እየወጣ
እስከ ጎሚስታ ቤቴ ድረስ የሐይቅን አስፋልት አረጠበች፣
ደጄ ስትራገፍ ቆሮሶ ቆሮሶ ሸተተች።

«አብሽር» አልኩት እንደ ልማዴ፣
ማስቲሹን፣ መቀሱን፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አቀራርቤ ከሞረዴ።
ስንቱን ደፍኛለሁ በዚች፣ በዚች በአሮጊት ሆዷ፦
ይኼ የመንጠቆ፤ ይኼ የግራር እሾህ፣ ሐምሌ ላይ፣ በማለዳ፤
ያ ጥቁሩ፣ ሰፊው፣ ከጭነት መኪና ካላማዳሪያ የቆረጥነው፣
የዓሣ ጥናት ሰዎች ትተዋት በሄዱ ዓመት የለጠፍነው።
ስቆጥር ሃያ ሦስት ደረስኩ፤ ከዚያ ልጥፍ በልጥፍ ተደርቦ
ቁጥሩ ጠፋኝ። ሙሄ ያየኛል እንደ አስታማሚ ቀርቦ።

ነፋናት። ሳሙና ቀባናት። አረፋ ፍለጋ ጎንበስ አልን፤
ከአንድ ቦታ ቢሆን ደስ ባለን።
እሷ ግን ከየስፌቷ፣ ከየጎኗ፣ ከመላ ገላዋ
እንደ ላብ ችፍ አለ ጥቃቅን አረፋዋ።

«ሙሄ» አልኩት፣ «ቀዳዳ ቢሆን እደፍነዋለሁ፤
እርጅና ግን ቀዳዳ የለው፤ የቱን እይዘዋለሁ?»

ዝም አለ።
የማኅበሩን ብር አሰበ፣ አራት ሰው ያዋጣውን፣
ጦይባ ከሽንኩርቷ ቀንሳ ለክረምት ያስቀመጠችውን፤
ደግሞም ያን ሌሊት፦ ነፋስ ከአርዲቦ በኩል ተነስቶ፣
ሦስት ሰው ይዛ ስትገባ አንድ ጎኗ ተንፍሶ ተኝቶ።
አልነገረኝም ይህን። እኔ ነኝ ከፊቱ ያነበብኩ።
እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ጎረቤት «ግዛ» አልኩ።

ገዛ። ብርቱካናማ፣ ገና ላስቲክ ላስቲክ የምትሸት፤
አሮጊቷን ለኔ ተዋት፣ ለቆየ ዕዳው፣ ያለ ክርክር፣ ያለ ስንብት።

በመቀስ ቆራረጥኳት። ከመቀመጫው ሥር፣ ፀሐይ ካላያት፣
አንድ ክንድ ተኩል ጤነኛ ላስቲክ አገኘሁባት።
ከዚያ ወዲህ ለባጃጁ፣ ለጋሪው፣ ለጤፍ ጫኙ አይሱዙ
መዳፍ መዳፍ እየቆረጥኩ ሰጠኋቸው ይዘው እንዲጓዙ።
ከዚህ ውሃ ርቃ የማታውቅ አሮጊት፣ ይኸው ጎማ ላይ ተጣብቃ
ስንቴ ደሴ ወጣች፣ ስንቴ መርሳ ወረደች በጭቃ።

ባለፈው ሳምንት ሙሄ መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ድሮው በባጃጅ፤
አዲሷን ምስማር ወግቷት፣ ወር ሳይሞላት፣ ከገዛ ቤቱ ደጅ።
«አብሽር» አልኩት። ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ፤
ከአሮጊቷ የቀረችውን የመጨረሻዋን ቁራጭ ፈለግሁ።

ግራጫ በብርቱካን ላይ፤ አያምርም።
ሙሄ በአውራ ጣቱ ጫን አላት፤ «መንገዱን ታውቃለች» አለ፤
ሌላ አልጨመረም።
አርባ ብር ከፈለና «ዓሣ አመጣልሃለሁ» ብሎ ሄደ።

ዓሣው እስካሁን አልመጣም።