መንሹ ወዴት ነው?

ቅዳሜ ነው። የወገል ጤና ገበያ ገና አልሞላም።
ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሰሌዳ
ፊደል መቁጠር አይሻም፤
ሦስት ጣት ያለው ጥቁር ምልክት ብቻ፣
አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል የዞረ፣
እየወረደ፣ እያነሰ፣ እያነሰ የቀረ።

ያልጋነሽ ይማም አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከድና
አየችውና
«መንሽ ነው» አለች።
«ጣቱስ ወዴት ነው፣ እትዬ?»
«ወደ በሽሎ።»
ቁልቁል ማለቷ ነው። ጻፍኩ።
«ይኼኛውስ?»
«ወደ ገበያው።»
ግራ ማለቷ ነው። ጻፍኩ።
ከአራተኛው መስመር በታች መንሹም አውድማውም ጠፋ፤
«እንግዲህ ጭድ ነው» አለች፣ «ነፋስ ያነሣው።»

የዓይን ቆቧ ተቀልብሷል፤ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ዞሮ
በጠቀሰች ቁጥር ብሌኗን ይጭራል፣ ስንት ክረምት ቆጥሮ።
ከአንገቷ ክር ላይ ወረንጦ ተንጠልጥሏል፤
ሰኞ ትነቅለዋለች፣ ለቅዳሜ ይበቅላል።
ባትሪዬን አብርቼ ጎንበስ ስል
«ልጄም እንዲህ ነው» አለች፣ «ኦፓል ቆፋሪ ነው፤
ድንጋዩን ምራቁን ቀብቶ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፣
እሳት ያለበትን ከሞተው ይለያል።
የኔስ? ሞቷል?»
«አልሞተም። ዳር ላይ ጭጋግ አለበት እንጂ አልሞተም።»

ከዚያ ያንን ረጅም ወረቀት አነበብኩላት፤
ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንዳለ፣
የትኛው እንደሚሻል እኛም እንደማናውቅ፣
እምቢ ማለት እንደምትችል፣
ጀምራም ቢሆን በፈለገች ሰዓት መተው እንደምትችል።
«ዓይኔን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?»
አለችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

የታሸገውን ፖስታ ቀደድኩ።
«ማነው የመረጠልኝ?»
«ማንም። ዕጣ ነው።»
«እንደ ዕቁብ?»
«እንደ ዕቁብ።»
«በዕቁብ እንኳ ዳኛው ትንሽ ያውቃል» ብላ ሳቀች፣
ተንጋለለች።
ለጎረቤቷ ለሰዓዳ እንድሬ ሌላኛው ደረሳት።
ማታ ፋሻ ለፋሻ ሆነው «አብሽሪ» ሲባባሉ ሰማሁ፣
አንዷ በማርያም፣ አንዷ በአላህ፣
አንዲት በቅሎ ላይ ተፈናጠው።

ዓመቱ ዞረ።
የሰዓዳ ሁለቱም ንጹሕ ነው። የያልጋነሽ ቀኝ ንጹሕ ነው።
ግራዋ ላይ፣ ሁለት ፀጉር።
ለሁለት ቁጥር ቅጹ ላይ ሳጥን አለች፤ ጻፍኩ።
ሳጥን የሌለው ነገር ግን አለ፤
ያን ቀን እሷ ሃያ ሦስተኛዬ ነበረች፣
መብራት ሄዶ ነበር፣
ባትሪውን የጽዳት ሠራተኛዋ ይዛልኝ
የመጨረሻውን ስፌት
አላልቼ ነው ያሰርኩት ወይስ አጥብቄ?
አላውቅም።

«የቱ በለጠ? የኔ ወይስ የሰዓዳ?»
«ገና ነው እትዬ፤ ሰባት መቶ ሰው ነው፣ ተቆጥሮ አላለቀም።»
«ሰባት መቶ! አንድ አውድማ ሙሉ ነዋ።»

በጥቅምት ደሴ ተጠራን። ውጤቱ ግድግዳ ላይ በራ።
በዘዴና በዘዴ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም።
በእጅና በእጅ መካከል ግን፣ አለ።
አቅራቢው ስም አልጠራም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያሳየው።
አራት ቁጥር እኔ ነበርኩ።
ሻዩ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤
በጦሳ ጥላ ሥር መናኸሪያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣
ጣቶቼን እየዘረጋሁ፣ እያጠፍኩ።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። መብራት አለ።
ከማንም በፊት የገባችው እሷ ናት፣ እጄ ሳይደክም።
«ፖስታውስ?» አለች፣ ጠረጴዛውን አይታ።
«ዛሬ ፖስታ የለም። የበፊቱ፣ ምናልባት፣ የእጄ ጥፋት ነው።»
ዝም አለች። ውጭ አህያ ያናፋል፣ ሰው ጨው ያስመዝናል።
ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችልኝ፤
«እስቲ ተቀመጪ። አንድ ዓይንሽን ያዢ።
የታችኛው፣ ያ ትንሹ፣ መንሹ ወዴት ነው?»
ያዝኩ። አየሁ።
«ወደ በሽሎ» አልኳት።
«እንግዲያው ጀምሪ» ብላ ነጠላዋን አጣጥፋ
አልጋው ላይ ወጣች።