ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ መጋላ ነው ሱቄ፣
ሃያ ዓመት ኖርኩ ብርድ እየጠገንኩ፣ ሙቀትን ንቄ።
ድሬ ላይ ለሙቀት ማን ብር ይከፍላል?
ከቆርቆሮው ጣሪያ በነፃ ይዘንባል።

አንድ ቀን ሃምዲያ መጣች፣ ተሸፋፍና እንደ ሌባ፣
በእቅፏ ቢጫ ሣጥን፣ በደወሌ በኩል የገባ።
«አቦ ይህን እየው፣ ጫጩት መፈልፈያ ነው ያሉኝ፤
አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይበርዳል፣ እንደ ባል አስቸገረኝ።»
ትታው ሄደች።
አንድ ወር። ሁለት።
ስልኳ አይነሣም።

ፈታሁት። ማራገቢያ፣ የሚግል ሽቦ፣ ትንሽ ቴርሞስታት፤
እኔ የማውቀው ሁሉ ነው፣ ተገልብጦ እንደ ኮት።
ለብርድ የማቆመው ዘበኛ ለሙቀት ተቀጥሯል፣
ግንባሩ ላይ በቀይ፦ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት ይላል።

ልጄ ኢፍቱ «እንሞክረው» ብላ ቀፊራ ወረደች፣
ሃያ የሀበሻ እንቁላል በሻሿ ቋጥራ መጣች።
ማገላበጫው ስብር ነው፤ በእርሳስ ጻፈችባቸው፣
በአንዱ ጎን «ሀ»፣ በሌላው «ለ»።
ጠዋት «ሀ» ወደ ላይ፣ ማታ «ለ»፤ እንዲህ ስታዞራቸው፣
ገና ዓይን ሳያወጡ ፊደል አስቆጠረቻቸው።

በሰባተኛው ሌሊት አምፖሉን አጠፋን፣
በስልክ ባትሪ ፊት አንድ በአንድ አቆምን።
ቀይ ክር በቀይ ክር፣ እንደ ደቻቱ ገባሮች ካርታ፣
መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ትር ትር የምትል ሳታመነታ።
ሦስቱ ግን ባዶ ነበሩ፤ ጥርት ያለ፣ ፍዝ ፀሐይ።
«አትጣላቸው» አለችኝ፣ «እስኪ ሌላ ቀን እንይ።»

በአሥራ ስምንተኛው፣ መገላበጥ ባቆምንበት ማታ፣ መብራት ሄደ።
የሰፈሩ ማራገቢያ ክንፉን አጥፎ ዝም፤
ሰው ፍራሹን እየጎተተ ወደ ደጅ ወረደ።
ቀዩ ቁጥር ጠፋ። መዳፌን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ፤
«ሥጋችን ሊበላሽ ነው፣ ድረስልን» ያሉኝን፣
እየተጎመጎምኩ «ነገ» ያልኳቸውን፣
አንድ በአንድ አሰብኩ።

ሳምቡሳ ጠባሿ ዘኪያ ከምድጃዋ ተነሣች፣
ሁለት ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጣች።
«ለልጆቹ» አለች።
እንግዲህ ልጆች ሆኑ።

ግን ውሃው እስከ ስንት ሰዓት? ከዚያ በኋላ፣
የግንቡ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ መለሰ፣
የደቻቱ አሸዋ ያመቀውን ትንፋሽ አፈሰሰ፤
ያ ሃያ ዓመት የረገምኩት፣ በር የዘጋሁበት ወበቅ፣
ገባ። ሣጥኑን ከበበ። ደረቱን አስጠጋ፤
ቂም ሳይዝ፣ ሳይነቃነቅ፣ እስኪነጋ።
ድሬ ራሷ ታቀፈች።

በሃያ አንደኛው ቀን ረፋዱ ላይ «ለ» ተሰነጠቀች፤
ከውስጥ አንድ ምንቃር ፊደሉን ለሁለት ከፈለች።
እርጥብ፣ መልከ ጥፉ፣ የታጠበ ካልሲ የመሰለች፣
ወደቀች። ተነሣች። ደግማ ወደቀች።
ጮኸች።

አሥራ አንዱ ወጡ። ሁለቱ አየሩን ቀምሰው፣ ደጁ ላይ ቀሩ።
አራቱ አንኳኩተውም አያውቁ፣ እንደ ተኙ አደሩ።
ኢፍቱ ያለቀሰችው ለሁለቱ ብቻ ነው፤
«ሌሎቹንማ» አለች፣ «መቼ ተዋወቅናቸው?»

ሃምዲያ እስከ ዛሬ የለችም። ሣጥኗ ይኸው፣ ደኅና ነው፤
የጥገናውን ሂሳብ ልጽፍ እልና ብዕሬን እተወው።
ደንበኛ «መቼ ይደርሳል?» ሲለኝ አፌ ላይ ያለችው «ነገ»
ትንሽ ታንቀኛለች።

ጫጩቶቹ ደግሞ ማንም ሳያሳያቸው
ያንን አሮጌ ፍሪጅ ዞረው ከኋላው ገቡ፤
ከፊቱ ብርድ ስሸጥበት የኖርኩት፣
ጀርባው ለካ ትኩስ ነው። እዚያ ተሰበሰቡ።
እየጠገንኩት ሃያ ዓመት እጄን ሲያቃጥለኝ
አንድም ቀን አላሰብኩት።
አሥራ አንዱም ተደጋግፈው ተኝተዋል፤
ሞተሩ ሲነሣ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው
መልሰው ይከድናሉ።