ዕጩው ዕትም

ከሌሊቱ ስምንት። ጎርሊትስ ተኝታለች፤
ወንዟ ናይሰ ብቻ፣ ከድልድዩ በታች፣
ሁለት አገር ከፍላ ታጉረመርማለች።

እኔ ግን ኩሽና፣ መብራት አብርቼ፣
ሦስት ራውተር ደርድሬ፣ ኬብል ዘርግቼ፣
(አንዱን ካሮጌ ተራ ባራት ዩሮ ገዝቼ)
የጠዋት ትራሜን ሆን ብዬ ረስቼ፣
ትናንት የወጣውን ዕትም እፈትሻለሁ፤
እንደ ጠጅ አሳላፊ፣ በመዳፌ አንቆርሬ፣ ቀድሜ እቀምሳለሁ፤
ክፉ ነገር ካለው፣ እኔው ጋ ይቅር እላለሁ።

ስሙ ገና «ዕጩ» ነው፤ አልተሞሸረም።
የዕጩ ዘር ደግሞ ሳይጠና አይታመንም፤
ቆጠርኩት፦ ስልሳ አራት ፊደል፣ ከዳር እስከ ዳር፣
እስከ ሰባት ቤት እንደሚወርድ ሽማግሌ፣ በጋብቻ ነገር፤
ከማኅተሙ አንዲቷ ብትዛነፍ፣ ላፈርስ ሠርጉን።
አልተዛነፈችም። ከፈትኩለት ደጁን።

ደቦ ነው ነገሩ።
አንዱ ፊንላንድ ሆኖ፣ በረዶ ከብቦት፣ ሌሊት ይጽፋል፤
አንዱ ፖርቶ ሆኖ፣ ያንን ይነቅፋል፤
እኔ ኮድ አልጽፍም፤ ትራም ነው የምነዳ፤
ድርሻዬ መጠበቅ፣ ሲወድቅ ማየት ነው፣ የወደቀበትን ሜዳ።

ጫንኩት።
ብርቱካን መብራቱ ብልጭ አለ፤ ድርግም፤
አንድ ደቂቃ፤ ሁለት፤ ሦስት፤ አልነቃም።
አምስት።
ጥቁር ሳጥን ሆነ፣ ትንፋሽ የሌለው፤
«ጡብ ሆነ» ይባላል፣ እንዲህ ሲሆን ነው፤
ግን ግንብ የማይቆምበት፣ ለቤት የማይሆን፣ ጡብ ምኑ ጡብ ነው?

ኬብሉን በጣቴ ቀስ ብዬ ስከተለው፣
ያሮጌ ተራው ሳጥን እዚያው ደህና አለ፤
የሞተው ሌላ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለ፣
እኔም፣ የታች ቤቷም፣ የምንጠቀመው።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ይኸው። እኔን ያየ ይቀጣ።

ወይዘሮ ዋልትራውድ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣
ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቼዝ ናት ሕይወቷ፤
ከወንዙ ማዶ ካለው፣ ከጡረተኛው የጉምሩክ ሰው፣ ከዝቢግኒዬቭ ጋር፣
በቀን አንድ እርምጃ፣ ሰባት ወር የፈጀ ነገር፤
ዛሬ ፈረሱን ልትበላ ነው፤ ተራው የሷ ነበር።

ሽቦ ፈለግኩ፤ የለም። መሳቢያው ባዶ ነው።
ክሊፕ አየሁ፤ የሷው የጡረታ ደብዳቤ ላይ ነው፣
ዓይኗ ስለደከመ እንዳነብላት የሰጠችኝ።
ነቀልኩት፤ አቃናሁት፤ ቀዳዳው ውስጥ ሰደድኩ፤
እስከ አሥር ቆጥሬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ለቀቅኩ።
ከጭጋግ እንደሚወጣ የትራም ፋኖስ
ነጭ መብራት፣ ቀስ በቀስ።

መተኛት ነበረብኝ። አልተኛሁም።
ዕጩውን ባራት ዩሮው ላይ ጭኜ ቁጭ አልኩ፤ ምንም አልነካሁም።
ያኔ ነው የገባኝ፦
አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ካልጠራው፣ ሞገዱ ይከዳል፤
መብራቱ ግን ሳያፍር «አለሁ» እያለ ይነዳል።
ይህን በሽታ በቀን የሚያየው የለም፤
ቀን ሁሉ ይጠራዋል፤ ብቻውን አይሆንም።

ጻፍኩላቸው፦ የሳጥኑን ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ የከዳበትን ቅጽበት፤
ስለ ግድግዳው ዝም አልኩ፤ ስለ ክሊፑም፤ ይሉኝታ ይዞኝ ይሁን እፍረት።
ከፊንላንድ መልስ መጣ፣ ሳይነጋ፣ ሁለት ቃል ብቻ፦
«አየሁት። በርታ።»

ደረጃው ላይ አገኘኋት፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ ስወርድ።
«ፈረሱን በላሁት!» አለችኝ፤ ጉንጯ ቀልቶ እንደ ልጃገረድ።
ሌሊት የሆነውን አልጠየቀችም፤ አታውቅም፤
ለሷ ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውሃ ነው፣ ካልቆመ አይታወቅም።
ደብዳቤዋን ሰጠኋት። ወረቀቱ ተበተነ፤ አንዱ ደረጃው ላይ ወደቀ።
«ክሊፔስ?»
ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እንደ መርፌ ተቃንቶ።
በጥርሴም በጣቴም ላጥፈው ሞከርኩ፤
እንደ ድሮው ግን አልሆነልኝም።