በስንት ገባሽ?

ሌሊት አሥር ተኩል፣ ማርቆስ እንደተኛች፣
የምትቀሰቅሰኝ የክንዴ ሰዓት ነበረች።
ጨሞጋን ስሻገር ጭጋጉን በደረት፣
ዳገቱን በቁጥር፣ ቁልቁለቱን በስሌት፣
ኪሎሜትሩን በሦስት ከሃያ፣ ሲመቸኝ በሦስት ከአሥራ ስምንት፤
ከዚህ ሌላ ዓለም አላውቅም ነበር በውነት።

ልቤን እንኳ፣ ገና ካልጋ ሳልወርድ፣
አንገቴን በሁለት ጣት ይዤ ስቆጥራት፣
አርባ ሁለት ስትል ስኮራ፣ አርባ ስምንት ስትል ስርድ።

አሰልጣኝ አንዳርጌም ሌላ አያውቅም ሰላምታ፤
“በስንት ገባሽ?” በጠዋት፣ “በስንት ገባሽ?” በማታ።
ባጃጅ ነጂው እንኳ ሒሳብ ሲቀበለኝ፣
“ያለፈውን በስንት ገባሽ?” ይላል፣ መልሴን ሳይሰጠኝ።

ያምሮት የመጣች ለት፣ ነሐሴ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
አሥራ ዘጠኝ ሰዓት አማጥኩ፤ ሰዓት የያዘልኝ የለም፣
የውኃ ጠረጴዛ የለም፣ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ሕዝብ።
አዋላጇ ሚዛን ላይ አስተኝታት “ሦስት ነጥብ ሁለት” ስትል፣
እኔ ኪሎሜትሩ መስሎኝ
“ዘገየሁ እንዴ?” አልኩ አሉ፤ ይበልጣል እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

በሰባተኛ ወሯ ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት፤
አቧራውን ስጠርግ የሌላ ሰው ዕቃ መሰለኝ፤ ደግሞም ናፈቅሁት።
ማናጀሩም ደወለ፤ “ሚያዝያ ላይ ቦታ አለሽ፣
የቅዳሜውን ብቻ ላኪልኝ፤ ሃያውን ኪሎሜትር በስንት እንደጨረስሽ።”

ዓርብ ሌሊት ያምሮት ጋለች።
ጎኗ በየትንፋሹ ጎድጎድ ይላል፣
ዳገት እንደጣላት ሯጭ በአፏ ትተነፍሳለች።
የጤና ኤክስቴንሽኗ ባትሪ ይዛ መጣች፤
“ሰዓትሽን ስጪኝ” አለች።
ተጫነችው፣ ያንን ዕድሜዬን ሙሉ የተጫንኩትን ቁልፍ፤
ማን ያውቅ ነበር ስልሳ ሰከንድ እንዲህ ሲያልፍ!
“ስልሳ አራት” አለች ቀስ ብላ።
ቁጥር እንዲቀንስልኝ ስለምን ነው የኖርኩት፤
እንዲህ ግን ለምኜ አላውቅም።

መድኃኒቱን በማንኪያ። ደግሞ መቁጠር። ስልሳ፣ ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ አንድ፤
ውጭ ነጋ፤ መንገዱ ደጄ ድረስ መጥቶ ቆመ፤
እኔ ግን አንዲት ደረት ወጥታ ስትወርድ አየሁ፤
ዳገትና ቁልቁለት፣ ስንዝር በማይሞላ መንገድ።

ሦስት ሰዓት ላይ አንዳርጌ ከእንጅባራ ደወለ።
“በስንት ገባሽ?” አለ።
“በሠላሳ ስምንት።”
“ሃያ ኪሎሜትር?” ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።
እኔም ዝም አልኩ፤ ያምሮት ጀርባዬ ላይ ተኝታለች።
እኔስ ገባኝ፤ እሱ ገና አልገባውም።

አልተውኩም ሩጫውን። አሁንም አሥር ተኩል እነሳለሁ፤
ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጡቴ ሲሞላ ግን፣ እመለሳለሁ፣
ሰዓቷን ማቆም እየረሳሁ።