ግድግዳ የማይመልሰው ሰው

እኔን የቀጠሩኝ ዱላውን እንድጽፍ፣
ማን ማንን እንደሚጥል፣ ጥርስ የት እንደሚረግፍ፤
አራት ጠብ፣ አንድ ማሳደድ፣ ክፍያው በገጽ፤
የቀረው የኦርኔላ ነው፦ የሰውየው ገጽ።

ጄኖዋ፣ ከወደቡ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣
የክሬኖቹ ጩኸት መስኮቱን ሲያስጨንቅ፣
ሦስት ሆነን ከበን ሌባ እየሠራን ነው፤
ስሙ ሊቪዮ፣ ግድግዳ የማይመልሰው።
በድንጋይ ውስጥ ያልፋል፣ በብረት፣ በሲሚንቶ፣
እንደ ዋናተኛ ትንፋሹን ገትቶ፤
ባንክ የሸሸገው ወርቅ፣ የተቆለፈ ካዝና፣
ለእሱ ጭጋግ ነው፣ የማለዳ ደመና።

ፌሩቾ ፕሮዲዩሰሩ፣ ሲጋራውን ሳያበራ
በከንፈሩ ያንከባልላል፤ ሞት ያዝዛል በየተራ፦
"ዘበኛውን ይግደለው! በግንብ እጁን ይስደድ፣
ልቡን ጨብጦ ያውጣ፤ ሙዚቃው ከዚያ ይውረድ።"
እኔም ጻፍኩት። እውነት ለመናገር፣ ወደድኩት።
ሦስት ገጽ ሙሉ ደም ነው፤ በዋጋዬ አባዛሁት።

ኦርኔላ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።
"ይሄ ጉልበቱ ነው፤ ሰውየውስ የታል?" አለች።
"የሚችለውን ነገርከኝ፤ ምን ይተዋል እየቻለ?"
ፌሩቾ ሳቀ፦ "ሌባ ምን የሚተወው አለ?"

ሳምንት ሙሉ ዝናብ። የባሕር ሽታ፣ የናፍጣ።
ስምንተኛው ረቂቅ ሞተ፣ ዘጠነኛው መጣ።
በአንዱ ሚስት ሰጠነው፣ በሌላው ልጁን ቀበርን፣
በቀል ይሻል እንደሆን ብለን ጠላት ጨመርን፤
አንዳቸውም አልተነፈሱ። ወረቀት በወረቀት።
ሰው አልሆነም፤ ቁልፍ ነው፣ እግር የተተከለለት።

አንድ ሌሊት ኦርኔላ ብቻዋን አመሸች፣
ጠዋት ስንገባ አንዲት ገጽ አቀበለች።
(ዱላ የለባትም። ለእኔ ሳንቲም የላትም።)

ሌሊት ነው። ባንኩ ተራግፏል። ሻንጣው ከብዶታል።
ካሩጆ የሚሉት ጠባብ መንገድ ሽቅብ ይመራዋል።
በፎቆቹ መሃል የተሰጣ አንሶላ ያንጠባጥባል።
አረንጓዴ በር ፊት ይቆማል። ቀለሙ ተልጧል።
የእህቱ የዚታ ቤት ነው። ሰባት ዓመት አልረገጠም።
በሩ ጣውላ ብቻ ነው፤ ብረት እንኳን የለውም።
በአንድ ክንድ አርማታ ውስጥ ማታውን ያለፈ ሰው
እጁን አነሣ፤ ቆየ፤
አንኳኳው።

መብራት በራ። ኮቴ ተሰማ፤ መጣ፤ ቆመ።
አልተከፈተም።
ደግሞ አንኳኳ፣ በጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ታመመ።
መብራቱ ጠፋ።

ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ፣ በሦስት ሚሊዮን ዩሮ ላይ።
ቆሻሻ የሚያነሡት አለፉ፣ ሲገረጣ ሰማይ።
"ቁልፍ ጠፋብህ እንዴ?" ብሎ አንዱ ጠየቀው።
"አዎ" አለ ሊቪዮ። ገጿ የምታበቃው እዚህ ነው።

ፌሩቾ ጠረጴዛ መታ፦ "ማን ትኬት ይገዛል፣
ሰው በር ላይ ተገትሮ ለማየት ማን ይከፍላል?"
ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የዱላ ሰው ነኝ፤
ስለ ቡጢ እንጂ ስለ ሰው ማንም አይጠይቀኝ።
ከቦርሳዬ አወጣሁ ያቺን ሦስት ገጽ ደም፣
ቀደድኳት። ዘበኛው አልሞተም።
እንቅልፍ ጻፍኩለት፣ በነጻ፤ አፉን እንደ ከፈተ፣
ሊቪዮ በጫፍ እግሩ ሲያልፍ ሬዲዮውን አጠፋለት።

ቀረጻው ቀን ዳርዮ ተዋናዩ መጣና
"በየትኛው እጄ ላንኳኳ?" አለ፣ መዳፉን ዘረጋና።
ኦርኔላ አሰበች፤
"በግራህ፤ ቀኙ ሲሰርቅ ነው ያመሸው" አለች።

ፊልሙ በኅዳር ወጣ። ከበሩ አሥራ አንድ ሰከንድ ተረፈ፤
ፌሩቾ ቫዮሊን ጨመረበት፤ የቀረው በመቀስ አለፈ።
ስንወጣ ፎቁ ደረጃ ላይ አንድ ልጅ አባቱን ይጠይቃል፦
"ዝም ብሎ ለምን አልገባም? በግድግዳ ያልፍ የለ?"
አባትየው ኪሱን ይዳብሳል፣
የመኪናውን ቁልፍ ይፈልጋል፣
አልመለሰለትም።